ስለ አራቱ ጎማዎች እኩልነት



እኛ የአውቶ መካኒክ ተማሪዎች ዛሬ የምንናገረው ሞተሩ ዘወትር አራቱንም እግሮች ስለሚያሽከረክር መኪና ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ከዚህ ዐይነት አንዱ ነው።

በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ኃይሉን የሚያካፍል ዲፈረንሻል አለ። መኪናው ሲታጠፍ ይሠራል፤ በቀጥታ መንገድ ያርፋል። ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ ግን ዕረፍት የለውም። ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ጎማ ከኋላ፥ ተበልቶ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ከፊት ቢገጠም፥ የዙሪያቸው ልዩነት 31 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ዙሪያው 2 ሜትር ተኩል ለሆነ ጎማ ይህ በየኪሎ ሜትሩ 5 ዙር ያህል ነው። ረጅምና አጭር በሬ በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ይግላል፥ ኋላም ይበላል።

ስለዚህ ለቁጠባ ብሎ ሁለቱን ብቻ የለወጠ ሰው፥ የቆጠበውን መልሶ ለጋራዥ ይከፍላል። በሽተኛ የጫነ መኪና ከከተማ ርቆ ቢቆም ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። እንግዲህ አራቱንም ባንድ ጊዜ፥ በአንድ ልክና በአንድ ዐይነት እንለውጥ፤ ስኮርቱንም እያፈራረቅን እንጠቀምበት፤ ከጎሚስታ ዘንድም ሜትር ይዘን እንሂድ።