አየሩ ብርድ፣ ኮምፒውተሩ እሳት



የዛሬው ወጋችን የሚያርፈው አዲስ አበባ፣ የካ ሚካኤል ነው፤ የእንጦጦ ብርድ ጠዋትና ማታ ጋቢ በሚያስደርብበት ሰፈር። እንዲህ ባለ ቦታ ኮምፒውተር በሙቀት ይጎዳል ቢባል ማን ያምናል? ግን ይጎዳል። ጠዋት ሲከፈት ደህና የነበረው አሮጌ ዴስክቶፕ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይንቀራፈፋል፤ ፋኑ ይጮኻል፤ ሲብስበት ድርግም ይላል። ትንሽ አርፎ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። «ቫይረስ ነው» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። ችግሩ ሙቀት ከሆነ ግን ፎርማት አያድነውም።

የሙቀቱ አንዱ ምክንያት ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000ውን ያልፋል። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ውሃ እንኳ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚሁ ነው። ፋን የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያወጣው አየር አሸክሞ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ትንሽ ነው። ከቆላ የመጣ ሯጭ እንጦጦ ዳገት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ፋኑም እዚህ የበለጠ ይለፋል። የሰፈሩ ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት ይክሳል፤ ማሽኑ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ።

ሁለተኛው ምክንያት አቧራ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በራቸው ወደ መንገድ የተከፈተ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ቀኑን ሙሉ አቧራ ይቀበላሉ። ኮምፒውተሩ ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አቧራው ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት በሚስበው ብረት፣ በሂት ሲንኩ፣ ስስ ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ያለው ፔስትም ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ሙቀት ማስተላለፍ ይሳነዋል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበቃውም ይጠፋል።

እንግዲህ መፍትሔው በእጃችን ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ማብሪያውን አንዴ ተጫኑና የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ጎኑን ከፍታችሁ፣ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ንኩ። ከዚያ ደጅ አውጥታችሁ በለስላሳ ብሩሽና በብሎወር አጽዱት። የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፤ በነፋስ ብዛት በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውሃ ሊተፋ ስለሚችል ባትጠቀሙበት ይመረጣል።

ሙቀቱ ካልወረደ ፔስቱ ይቀየር። ሂት ሲንኩን ከማንሳታችሁ በፊት ማሽኑን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉትና ሶኬቱን ንቀሉ፤ የደረቀው ፔስት ይለሰልሳል። አሮጌውን በአልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፤ አልኮሉ ሲደርቅ የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት መሐል ላይ አድርጉ። ሲበዛ አይጠቅምም። አራቱን ማሰሪያዎች ተራ በተራ ሳይሆን በሰያፍ፣ አንዱን ከተቃራኒው ጋር እያጣመራችሁ እሰሩ። የፋኑን ገመድ መልሳችሁ መሰካታችሁን አረጋግጡ። ፋኑ የሚንቋቋ ከሆነ ግን በአዲስ ቀይሩት።

ቀሪው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ማሽኑን ከወለል አንሡት፤ ከግድግዳም አርቁት። ጎኑን ከፍቶ መተው አቧራ መጋበዝ ነው። ለጌጥ የሚለብሰውን ዳንቴል ሲሠራ አንሡለት። ለጽዳቱም ሁለት ጊዜ ያዙ፦ አንዱን ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ፣ ሌላውን ሰኔ ከመግባቱ በፊት።

አድማጮቻችን፣ በአሮጌ ኮምፒውተር የሚማር ተማሪ አለ፤ የሚተዳደርበት ቤተሰብ አለ። አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለምና «አርጅቷል» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሙቀቱን እናስለካ። ወደ ጠጋኝ ስትወስዱትም ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ሥራ ላይ እያለ ከጽዳቱ በፊት ስንት ዲግሪ ነበር? ከጽዳቱ በኋላስ ስንት ሆነ? ከ90 በላይ የነበረው ወደ 70ዎቹ ከወረደ፣ ያ ማሽን ገና ብዙ ያገለግላችኋል።