ትከሻችን ተነካክቶ ልባችን ለምን ተራራቀ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን ሰዎችን እርስ በርስ ስለሚያቀራርቡ የጋራ ሥራዎች ጥቂት እንነጋገራለን። ወደ ርዕሳችን ከመግባታችን በፊት ግን በራሳችን ላይ የደረሰ አንድ ነገር እናጫውታችሁ።

በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ከአንድ ወንድማችን ጋር ሱብሒን በአንድ ሶፍ መስገድ ከጀመርን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖን ነበር። ትከሻችን ይነካካል፤ ሶላቱ ሲያልቅ እንጨባበጣለን፤ "አላህ ይቀበለን" ተባብለን ጫማችንን አድርገን እንበተናለን። አንድ ሰሞን ወንድማችን ጠፋ። "መንገድ ሄዶ ይሆናል" አልን። በአሥረኛው ቀን ብቅ ሲል ብንጠይቀው ለካ እናቱ ወደ አኼራ ሄደው ኖሯል። ጀናዛቸውን የሸኙት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹና ከሩቅ ሰፈር የመጡ ዘመዶቹ ናቸው። ከእኛ ሶፍ አንድም ሰው አልነበረም። "ለምን አልነገርከንም?" ብንለው አንገቱን ደፍቶ "ለማን ልንገር? የአንዳችሁንም ስልክ አላውቅም" አለን። እኛም ብንሆን ስሙን የጠየቅነው በዚያች ዕለት ነበር።

አድማጮቻችን! ሙስሊም በሙስሊም ወንድሙ ላይ ካሉት ሐቆች መካከል ሲታመም መጠየቅና ጀናዛን መሸኘት እንደሚገኙበት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ አልጎደለንም። በጀመዓ መስገዱንም አልተውንም። ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው? በቀን አምስት ጊዜ እየተገናኘን እንዴት ባይተዋር ሆንን?

እርግጥ ነው፣ ልብን ከልብ የሚያስተሳስረው አላህ ነው። በሱረቱል አንፋል 63ኛው አንቀጽ፣ የምድር ሀብት በሙሉ ቢወጣ እንኳ የምእመናንን ልብ ማስማማት እንደማይቻልና ይህን ያደረገው እርሱ መሆኑን ይነግረናል። ይሁንና አላህ ለሁሉም ነገር ሰበብ አበጅቶለታል። ሲሳይ ከአላህ ነው ብለን እርሻችንን ጦም አናሳድርም። የልብ መተሳሰርም እንዲሁ ሰበቡን ይፈልጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሰበብ በመዲና እንዴት እንዳደረሱ እስቲ እንመልከት።

ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ በከተማይቱ የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ከመካ የመጡት ሙሃጂሮች ቤትና ንብረታቸውን ጥለው የወጡ እንግዶች ናቸው። የመዲናዎቹ አውስና ኸዝረጅ ደግሞ ለዓመታት ደም ሲፋሰሱ የኖሩ ጎሣዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች በምክር ብቻ አንድ ማድረግ ከባድ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቀድመው ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ መስጂድ መገንባት ሆነ። ግንባታውም በጭቃ ጡብና በተምር ግንድ ነበር። ጡቡን የተሸከሙት ሶሐቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) አብረዋቸው ተሸከሙ። ሌሎቹ አንዳንድ ጡብ ሲያነሱ ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ.) ሁለት ሁለት ያነሱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። መስጂዱ ሲጠናቀቅ ሁሉም የራሱን ላብ ያፈሰሰበት ስለሆነ "የእናንተ ነው፣ የእኛ ነው" የሚል አልነበረም።

ከዚህ የበለጠ ፈተና የመጣው በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ627) ነው። ቁረይሾች ሌሎች ጎሣዎችን አስተባብረው መዲናን ሊያጠፉ ዘመቱ። በፋርሳዊው ሰልማን (ረ.ዐ.) ሐሳብ መሠረት ከተማይቱ በተጋለጠችበት በሰሜን በኩል ኸንደቅ፣ ማለትም ፈረስ ሊዘለው የማይችል ረጅም ጉድጓድ፣ እንዲቆፈር ተወሰነ። ጊዜው ብርድ ነበር። ስንቅ አልነበረም። ሙሃጂሮቹና አንሷሮቹ ሥራውን የሚሠራላቸው አገልጋይ ስላልነበራቸው ዶማውን ራሳቸው ጨበጡ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) አፈር ሲያግዙ የሆዳቸው ቆዳ በአቧራ እስኪሸፈን ድረስ ይታዩ ነበር። ሶሐቦቹ ድካማቸውን በእንጉርጉሮ ሲያስታግሱ እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀበሉ ነበር። ዶማ የማይበግረው አለት ባጋጠመ ጊዜም ወርደው የመቱት እርሳቸው ናቸው።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ረሃብ ባዩ ጊዜ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ቁና ያህል ገብስና አንዲት ትንሽ ፍየል ብቻ ነው። ፍየሏ ታረደች፣ ገብሱ ተፈጨ። ባለቤታቸው ምግቡ ጥቂት መሆኑን ስለሚያውቁ "በረሱል ፊት እንዳታሳፍረኝ" አሏቸው። ጃቢርም ረሱልን ከጥቂት ሰዎች ጋር እንዲመጡ በጆሯቸው ጋበዟቸው። ረሱል ግን ኸንደቅ ቆፋሪዎቹን በሙሉ ጠርተው ይዘዋቸው መጡ። አብራ የምትጋግር ሴት እንድትጠራም አዘዙ። በአላህ በረካ አንድ ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በልተው ጠገቡ፤ ድስቱም እንደሞላ ቀረ።

ውድ አድማጮቻችን! ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ብዙ ነው። እኛ ለዛሬው ሦስቱን ብቻ እናንሳ። አንደኛ፣ በኸንደቁ ሥራ ላይ ሁሉም የሚሠራው ነበረው፤ እየተመለከተ የቆመ እንግዳ አልነበረም። ሁለተኛ፣ መሪው ከላይ ሆኖ አላዘዘም፤ አቧራውንም ረሃቡንም እኩል ተካፈለ። ሦስተኛ፣ የተገኘው ምግብ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ አልቀረበም።

በሥራ ብቻም አይደለም፤ በጨዋታም ሰው ይቀራረባል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቀስት ውርወራ በሚፎካከሩ ሰዎች አጠገብ ሲያልፉ "እኔ ከእነ እገሌ ወገን ነኝ" ብለው አበረታቷቸው። ሌላው ወገን እጁን ሰበሰበ። ለምን እንዳቆሙ ሲጠይቋቸው "እርስዎ ከእነርሱ ጋር ሆነው እንዴት እንወረውራለን?" አሉ። እርሳቸውም ከሁሉም ጋር መሆናቸውን ነግረው ጨዋታው እንዲቀጥል አደረጉ። ልጆቻችንን ኳስ ስናጫውት፣ ወጣቶቻችንን በጥያቄና መልስ ስናወዳድር ይህን ብናስታውስ መልካም ነው። ወላጅ ወይም ኡስታዝ ለአንድ ወገን ሲያደላ ያቀራርባል የተባለው ጨዋታ ቂም ትቶ ይሄዳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አያቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ገበሬው በደቦና በወንፈል ያርሳል፣ ያጭዳል። ሐረሪዎች በአፎቻቸው ሠርጉንም ሐዘኑንም በጋራ ይወጡታል። በከተማው እድር ድንኳን ይተክላል፣ ቀባሪ ያሰማራል። በየሠርጉና በየለቅሶው ጓዳ ደግሞ እናቶቻችንን ተመልከቱ። አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሌላዋ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌላዋ ውኃ ትቀዳለች። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ በዝምታ ተደርድረን ስንቀመጥ፣ እነርሱ በጭሱ መካከል የማን ልጅ እንደታመመች፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ ማን የቤት ኪራይ እንደቸገራት ሁሉን ያውቃሉ። ለምን ቢባል እጃቸው አብሮ እየሠራ ነው።

ያ ወንድማችን እናቱን በብቻው የቀበረበትን ዕለት ካወቅን በኋላ እኛም ከመስጂዳችን ሰዎች ጋር ተመካከርን። ቀጥሎ በመጣው ረመዳን ለጀመዓ ኢፍጧር ገንዘብ አዋጥቶ ምግብ ማዘዝ ቀላል ነበር። እኛ ግን ሥራውን ተከፋፈልነው። በየዕለቱ አምስት ስድስት ቤተሰብ ተረኛ ሆነ። እናቶች ሾርባና ሳምቡሳ አዘጋጁ። ልጆች ተምር አደሉ። ወንዶች ውኃ ተሸከምን፣ ምንጣፍ ዘረጋን፣ በመጨረሻም ዕቃ አጠብን። ዕቃ ማጠቡ መጀመሪያ ያሳቀን ነበር። ሆኖም ወሬ የተጀመረው እዚያው ሳፋው ዳር ነው። ያ ዝምተኛ ወንድማችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ነው። አጠገባችን የሚሰግዱ አንድ አባት ብቻቸውን እንደሚኖሩና ሱሑር የሚያበስልላቸው እንደሌለ የሰማነውም እዚያው ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሱሑራቸው ከአንዱ ቤት ይሄድላቸው ጀመር። ዒድ ካለፈ በኋላ እኚህ አባት ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው፣ ተራ ገብቶም ያስታመማቸው የሳፋው ዳር ጓደኞቻቸው ናቸው።

ይህን የምንነግራችሁ ራሳችንን ለማመስገን አይደለም፤ ዘግይተናልና። እናንተ ግን እንደኛ ጀናዛ እስኪያልፋችሁ አትጠብቁ። የምትጀምሩት ሥራ ትንሽ ይሁን፤ ግን አይቋረጥ። የመስጂዱን ግቢ ማጽዳት፣ ችግኝ መትከልና ማጠጣት፣ የታመመ ለመጠየቅ በቡድን መውጣት፣ በየወሩ ከየቤቱ ምግብ ይዞ አንድ ላይ መብላት ይቻላል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ሲመጣ "እንግዳ ነህ፣ ተቀመጥ" አትበሉት፤ የሚይዘው ዕቃ ስጡት። አቅም የሌለው እንዳይሳቀቅ መዋጮው ቀላል ይሁን። የምግቡ ዓይነት የፉክክር ጉዳይ ከሆነ ድሃው በሚቀጥለው ወር አይመጣም። አረጋውያንን ቁጭ ብለው የሚሠሩትን ሥራ ስጧቸው፤ ልጆችንም አታባርሯቸው። እምነቱ ከእናንተ የተለየ ጎረቤትም የጎረቤት ሐቅ አለውና በእድሩም ሆነ በሰፈር ጽዳቱ ከእርሱ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዙ።

በቤታችን ውስጥም እንዲሁ ነው። አባት ስልኩን፣ ልጅ ቴሌቪዥኑን ይዞ በአንድ ጣሪያ ሥር መለያየት ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አብረን እናብስል፣ አብረን ቤት እናጽዳ፣ በአንድ ትሪ እንብላ።

አድማጮቻችን! ነገ ሱብሒ ላይ በቀኝም በግራም አጠገባችሁ የሚቆመውን ሰው ስም ታውቃላችሁ? የማታውቁ ከሆነ ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁት። ቀጥላችሁም "በዚህ ሳምንት አብረን ምን እንሥራ?" በሉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልቦቻችንን በመልካም ሥራ ያስተሳስርልን። የታመሙትን ያሽርልን፣ የሞቱትንም ይማርልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ድረስ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።