በድምፅ የሚደርስ ትምህርት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 ከአራብሳ ታክሲ እየቀያየራችሁ የመጣችሁ እህቶቻችን፣ ዛሬም ስላልቀራችሁብን እናመሰግናችኋለን።

የምንነግራችሁ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ትምህርት የተካሄደውን ጉባኤ ስንከታተል ስላገኘነው ነገር ነው። ጉባኤው ራሱም በኢንተርኔት ነበር። አምስት ሆነን በቢሯችን አንዲት ስልክ ከበን ሁለት ቀን ተቀመጥን። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እንግሊዝኛውን የምትተረጉምልን የአንዷ አባላችን ልጅ ነበረች፣ እሷም ሲደክማት ቡና እናፈላላታለን።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ኢለርኒንግ አፍሪካ የሚባለው ትልቁ ጉባኤ መጀመሪያ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም. ነው። ለአሥረኛ ጊዜ ሲካሄድም በ2007 ዓ.ም. ወደዚሁ ተመልሷል። ግን በዚያን ጊዜ ከፒያሳ እንጀራ ጋጋሪ ማን ይጠራል? አሁን የገባነው በሩ በስልካችን ስለመጣ ነው።

ለምን እንደጓጓን ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው የተነሡት አባሎቻችን በከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። አራዳ ሲበተን ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያም በጣሊያን ጊዜ ነው ወደ መርካቶ የተወሰደው። ቁጠባችን በስልክ ስለሚላክ አልተቋረጠም። የተቋረጠው ማክሰኞ ማታ የነበረን ትምህርት ነው። ሒሳብ መያዝ የጀመሩ እህቶች ደብተራቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

በጉባኤው ብዙው ንግግር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። አልናቅነውም፤ ግን ለእኛ ገና ነው። ጆሯችንን ያቆመው ሌላ ነው። ኬንያ ውስጥ ኤኔዛ የሚባል ድርጅት ትምህርቱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ኢንተርኔት በሌለው ስልክ ላይ ሳይቀር ያደርሳል። ቀጥሎ ከባሕር ዳር አካባቢ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶች ተናገሩ። እነሱ ደግሞ ትምህርቱን በድምፅ ቀድተው ይላላካሉ፤ እየፈተሉ ያዳምጣሉ። አንዷ ምክንያቱን ስትናገር እጃችን አይፈታም፣ ጆሯችን ግን ሥራ ፈት ነው አለች። እኛም ተያየን። ምጣድ ላይ የቆመች ሴት ጆሮስ ምን ሥራ አለው?

ልጆቻችን በፕላዝማ የተማሩበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር እኛም ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ተማሪው ገባውም አልገባው በእንግሊዝኛው ይነጉዳል፤ ቆይ አይባል፣ ድገምልኝ አይባል። የተቀዳ ድምፅ ግን አምስት ጊዜ መልሰሽ ብታዳምጪው አይሰለችም፣ አይቆጣም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ውስጥ ያየነውም ይኸው ነው፤ ልጆቹ በቴሌግራም የተላከላቸውን ደጋግመው ይከፍቱ ነበር።

ከጉባኤው በኋላ ከፈታዮቹ ጋር ስልክ ተለዋወጥንና ሥራ ጀመርን። እነሱ የድካማቸውን ዋጋ በዕቃው ላይ እንዴት እንደሚያሰሉ ቀድተው ላኩልን። ይህ እኛ ጋ የጎደለ ነው፤ ጤፉንና ማገዶውን እንቆጥራለን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የቆምንበትን ግን በነፃ እንሸጣለን። እኛም የቁጠባና የብድር መዝገብ አያያዛችንን በሦስት ክፍል ቀድተን ላክንላቸው። አንዱ ክፍል ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ኢንተርኔት ለሌላት እህት በሚሞሪ ካርድ ገልብጠን እንሰጣለን፤ ባለ ቁልፍ ስልክም ያጫውተዋል። ድምፅ መላክ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለት ሳምንት ጥያቄም መልስም ያልላከችውን የምትደውልላት አንዲት ሴት መድበናል። ባሕር ዳሮቹ አጥብቀው የመከሩን ይህንኑ ነው፤ የምትጠፋው እህት ብዙ ጊዜ ትምህርቱ የከበዳት ሳትሆን በሽተኛ የምታስታምም ወይም ካርድ ያለቀባት ናት።

ታብሌት ልግዛላችሁ ያላችሁን ወዳጆቻችን፣ ስለ ደግነታችሁ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ታብሌት ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ከእናቱም ይልቅ ልጁ ይዞት ይውላል። ለእኛ የሚጠቅመን የካርድ ሒሳብ፣ ሚሞሪ ካርድና ለደዋይዋ የሚሆን ትንሽ አበል ነው።

አንድ ነገር በስልክ አይሆንም፤ ፊደል። ድምፅ ሀን ከሐ አይለይም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከእኛ አንዳንዶቻችን ያነበብነው አስተማሪ አጠገባችን ተቀምጦ እርሳሱን ስላስያዘን ነው። በዚያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተምሯል፤ አንዱም ከሰው ጋር ካልተቀመጡ አልተቻለም። ስለዚህ የፊደል ተማሪዎቻችን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እዚሁ ይገናኛሉ። ከአራብሳ ደርሶ መልስ የታክሲውን ግማሽ ከማኅበሩ ካዝና እንድንከፍል ለውሳኔ አቅርበናል፤ ከሻይ በኋላ እጃችሁን ታወጣላችሁ።