ቢ1 ሲጎድል ወደ የትኛው ሐኪም?

አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 እስራኤል ውስጥ ጨቅላዎች በጠና ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። የሚመገቡት የአኩሪ አተር የዱቄት ወተት ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ጎድሎት ነበር። ሰውነታችን የሚያከማቸው ቢ1 ለጥቂት ሳምንታት እንጂ አይበቃም፤ ሲያልቅ አንጎል፣ ነርቭና ልብ ከምግብ ኃይል ማግኘት ያቅታቸዋል።

የቢ1 ስፔሻሊስት ፍለጋ ጊዜ አያባክኑ። በእርግዝና ትውከት የበረታባት ሴት፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም መጠጥ ያዘወተረ ሰው ድንገት ግራ ከተጋባ፣ የዓይኑ ብሌን ከተርገበገበ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል! ሦስቱም ምልክቶች እስኪታዩ አይጠብቁ። “ቢ1 ጎድሎበት ይሆን?” ብለው ይጠይቁ፤ የቢ1 መርፌ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ክትትሉ የነርቭ ሐኪም፣ ልብ ከተነካ ደግሞ የልብ ሐኪም ሥራ ነው።