ውሃው ማደሪያ አገኘ፤ አፈሩስ?



ዛሬ ስለ ዓባይ ነው የማወራው። ፉከራ አልደግምም፤ እሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ሊስትሮው፣ ጡረተኛው፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ቦንድ ገዝተው ያቆሙት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት!

አሁን ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ዓባይ ማደሪያ አገኘ፤ ግንድ ይዞ መዞሩ ቀረ። አፈር ይዞ መውረዱ ግን አልቀረም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ ለምን ይደፈርሳል? ያ ድፍርስ እኮ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋ እርሻ ነው። በፊት ሱዳን ይወርድ ነበር፤ አሁን አብዛኛው የሚተኛው እኛው ግድብ ውስጥ ነው።

ደለል ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛው ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራን ይቀላቀላል። እዚያ በ1964 እ.ኤ.አ. ያለቀ የኻሽም ኤልጊርባ ግድብ አለ፤ ውሃ የመያዝ አቅሙን ከግማሽ በላይ ደለል በልቶበታል። የእኛ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚይዝ እንዲህ ቶሎ አይሞላም። ገበሬው ግን ጊዜ የለውም፤ ማሳው የሚታጠበው ዛሬ ነው።

ታዲያ ግድቡን የሚጠብቀው ወታደሩ ብቻ ነው እንዴ? ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬም ጠባቂ ነው። የዚህ ሰው እንጀራ በምን ይጋገራል? በማገዶ! ለግድቡ ብለህ ዛፍ ትከል እንለዋለን፤ ለምጣዱ ደግሞ ዛፍ ይቆርጣል። ማን ይፈርድበታል? መብራት ለኬንያና ለጅቡቲ መሸጡ ደግ ነው፣ ዶላር ያስፈልገናል። ግን ውሃው የሚነሳበት ቀበሌም መብራት ይድረሰው። ዛፉን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እኛን ይመለከታል። በደን፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ በምህንድስና ተመርቆ እንደኔ ቤት የተቀመጠ ስንት አለ? እርከን የሚለካ፣ ችግኝ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። በየክረምቱ ስንት እንደተተከለ ይነገረናል። ስንቱ ጸደቀ? ይሄን በየቀበሌያችን ሄደን እንጠይቅ፤ መልሱንም እዚሁ እንጻፍ።

ቦንድ ስንገዛ መንግሥት ብቻውን ይሥራው አላልንም። አፈሩንም አንበል።

ሲሚንቶው አልቋል፤ አፈሩ ይቀረናል!