ሦስት ፍላጻዎች ለታናሽ ወንድማችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆችና ለተማሪዎች የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ እጅ ሥራ አንድ ነገር ተናገሩ» ባሉን ጊዜ፣ ስለ ሸማ ወይም ስለ ስፌት፣ ወይም በሐይቁ ዳር ለእንግዳ ስለሚሸጠው ትንሽ የደንገል ታንኳ እንድንናገር ሳያስቡ አልቀሩም። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። እኛ ጣታችንን ቆርጠን የተማርነው አንድ ሥራ ብቻ ስለ ሆነ የምንናገረው ስለ እርሱ ነው፤ ይኸውም ለታናሽ ወንድማችን ስለ ሠራናቸው ሦስት የእንጨት ፍላጻዎች ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ክረምቱ ሲወጣ በባሕር ዳር ምን እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ውኃው በየጉድጓዱ ይተኛል፣ ትንኙ ይፈላል፣ ወባውም ይከተላል። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድማችን ታሞ ሁለት ሳምንት ተኛ። ትኩሳቱ ቀለል ሲልለት ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ ይገላልጥ ነበር፤ በዚያም ውስጥ ቀስቱን የገተረ አዳኝ ተሥሎ ስላየ «ስድን እንዲህ ያለ ሥሩልኝ» አለን። እኛ ሁለት ታላላቆቹም የታመመ ልጅ ደስ ይበለው ብለን «እሺ» አልነው።

ይህ «እሺ» ቀላል አልነበረም። ለእንቁጣጣሽ ኳስ እንገዛልሃለን ብለነው ሳንገዛለት ቀርተን ነበር። እርሱም ስለ ኳሱ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብንም፤ አለማንሣቱ ከማልቀስ የከፋ ነበር። አሁን ደግሞ ብናታልለው ከእንግዲህ የምንለውን እንደማያምነን ገባን።

በመጀመሪያ የፈለግነው የሚሸጥ ነበር። በገበያችን የማጭድ እጀታ፣ የመጥረቢያ ዛቢያ፣ የእረኛ ዱላ ሞልቶአል፤ ፍላጻ ግን የለም። አንድ የዱላ ነጋዴ «ፍላጻ? ልጆች፣ እናንተ ያያችሁት ዳዊት ሲደገም ነው» ብለው ሳቁብን። እውነታቸውን ነው። በደጋው አገራችን አዳኙም ጦረኛውም የሚያውቀው ጦርና ጋሻ፣ ኋላም ጠመንጃ ነው። በጣና ላይ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችም የሚያድኑት ከታንኳ ላይ በሚወረወር ጦር ነበር። ቀስት የአዳኝ መሣሪያ ሆኖ የኖረው ከእኛ በስተ ምዕራብ፣ በቆላው፣ በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ነው።

ሆኖም ከቤታችን ቀስት የሚመስል ነገር ጠፍቶ አያውቅም፤ አያታችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን አለ። በአማርኛ ጥጥ ይነደፋል፣ ንብም ትነድፋለች፤ በግእዝ ደግሞ ነደፈ ሲባል በፍላጻ ወጋ ማለትም ነው። ከዝናብ በኋላ በሰማይ የሚታየውንም ቀስተ ደመና እንለዋለን። መሣሪያው ከእጃችን ቢጠፋ ስሙ በአፋችን ቀርቶአል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን በክፍል ውስጥ የሰማነው ነው። ከጣና በስተ ምዕራብ፣ ወደ መተማ በሚወርደው ቆላ፣ ሽንፋ በሚባል ወንዝ ዳር ተመራማሪዎች የጥንት ሰዎች የሰፈሩበትን ስፍራ ቆፍረው አግኝተዋል። ወሬውም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ሰዎቹ በዚያ የኖሩት ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሱማትራ ደሴት ያለው የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን ነው፤ ነፋስ ከዚያ ያመጣቸው፣ በዐይን የማይታዩ የመስተዋት ቅንጣቶች በአፈሩ ውስጥ ተገኝተዋል። ከዓሣ አጥንትና ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ጋርም ሦስት ማዕዘን የሆኑ ትንንሽ የድንጋይ ጫፎች ተለቅመዋል። ተመራማሪዎቹ የጫፎቹን ቅርጽና ትንሽነት መርምረው፣ የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ፣ እንዲያውም እስካሁን ከታወቁት የቀስት ምልክቶች ሁሉ የቀደሙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፈዋል።

ድንጋዩ ተገኘ፤ እንጨቱ ግን በስብሶአል። ዘንጉ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቆረጠ፣ እንዴት እንደ ቀና፣ በምን እንደ ታሠረ የሚናገር አንዳች ነገር አልቀረም። እኛ መማር የፈለግነው ደግሞ ያንኑ የበሰበሰውን ነበር።

እናታችን አሳባችንን ስትሰማ «አይሆንም» አለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የተኩስ ድምፅ ለከተማችን ልጆች እንግዳ መሆኑ ቀርቶአል። «ይህ ልጅ ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር መግባትን የተማረው ገና ንባብ በቅጡ ሳይለይ ነው፤ እናንተ ደግሞ የሚወጋ ነገር ሠርታችሁ በእጁ ልታስጨብጡት ነው?» አለችን። የምንመልሰው ጠፋን። በመጨረሻ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያገኘነውን የዮናታንን ታሪክ አነሣንላት፤ ዮናታን ሦስት ፍላጻ የወረወረው ማንንም ለመውጋት ሳይሆን፣ ወዳጁ ዳዊት ከሳኦል ቁጣ እንዲያመልጥ ምልክት ሊሰጠው ነው አልናት። «እናንተ ዮናታን አይደላችሁም» ብላ ወደ ማጀት ገባች።

ሁለት ቀን ዝም አለችን። በሦስተኛው ቀን ቡና እያፈላች፣ ወደ እኛ ሳታይ፣ «ትንፋሽ ባለው ነገር ላይ አይነጣጠርም። ሹል የሆነውም እኔ ዘንድ ይቀመጣል። የእማማንም ደጋን እንዳትነኩ» አለች። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቦአል፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው። የእናታችን ሕግ ግን ከሁለቱም ይጠብቅ ነበር።

ሥራውን የጀመርነው በስንፍና ነው። ባሕር ዛፍ በየአጥሩ ስላለ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ቆርጠን፣ ልጠን በፀሐይ አሰጣነው። በሦስተኛው ቀን አንዱ እንደ ማጭድ ጎበጠ፣ ሌላውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ቀጥለን ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ አመጣን። ሸምበቆ ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ውርወራ የቀስቱ ክር የሚያርፍበት ጫፉ ተፈረከሰ። ወንድማችን ይህን ሁሉ በበሩ ተቀምጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ያለ አንዲት ቃል ያየን ነበር።

በሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ አሉ። የከተማው ሰው የእጃቸውን ሥራ የሚፈልገውን ያህል ሰላምታቸውን አይፈልግም፤ እኛም ስንት ዓመት በአጠገባቸው ስናልፍ እጅ ነሥተን አናውቅም ነበርና ይህን የምንናገረው በራሳችን ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀርበን «አባባ፣ ፍላጻ መሥራት ያውቃሉ?» አልናቸው። የጎበጠውን ባሕር ዛፍ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ፍላጻ አላውቅም፤ እንጨት አውቃለሁ። በፀሐይ አስጡት ያላችሁ ማን ነው?» አሉን።

ከዚያ ያስተማሩን ይህ ነው። እርጥብ እንጨት ከነልጡ፣ በጥላ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ውኃው ቶሎ ከወጣ እንጨቱ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቀንበጦቹም ለየብቻ አይቀመጡ፤ እንደ ደንገል ነዶ አንድ ላይ ጠብቀው ይታሰሩ፣ አንዱ ሌላውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋልና። ደግሞም «ባሕር ዛፍን ተዉት፣ ክትክታ ፈልጉ» አሉን።

ከከተማው ወጥተን ከአንድ ገበሬ አስፈቅደን አሥራ ሰባት የክትክታ ቀንበጥ ቆረጥን፤ ውፍረታቸው የትንሽ ጣት ያህል ነበር። ርዝመቱን የወሰንነው በወንድማችን ልክ ነው፤ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ከደረቱ እስከ ጣቱ ጫፍ ለክተን አራት ጣት ጨመርንበት። ነዶውን ከጓዳው ጣራ ሥር ሰቅለን ሦስት ሳምንት ተውነው። መጠበቁ ከመሥራቱ ይልቅ ከበደን። ወንድማችን በየጠዋቱ ይቆጥራቸው ነበር።

ከደረቁ በኋላ ልጡን ገፈን ማቃናት ጀመርን። የጎበጠውን ቦታ ነበልባል በሌለው ፍም ላይ እያዟዟሩ ማሞቅ፣ እጅ የማያስነካ ሲሆን በጨርቅ ይዞ ወደ ተቃራኒው ጥቂት አሳልፎ ማጠፍ፣ እስኪበርድም ሳይለቁ መቆየት ነው። ከዚያ አንድ ዐይን ጨፍኖ በሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት። ቀና ብለን ያደርነው በማግስቱ ጠዋት ጎብጦ ይገኛል፤ እንደ ገና ይሞቃል። አራቱ በፍሙ ተቃጠሉብን፣ ሦስቱ በእጃችን ተሰበሩ። በተሰበረ ጠርሙስ ስንፍቅ ጣታችንን የቆረጥነውም ያን ጊዜ ነው። እኛን ያጽናናን በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ኤትሲ የሚሉት ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው፤ በኮሮጆው 14 ፍላጻ ይዞ ሳለ ተሠርተው ያለቁት ሁለት ብቻ ነበሩ።

የክሩ ማረፊያ እንደ ሸምበቆው እንዳይፈረከስ ከሥጋ ቤት የበሬ ጅማት ለመንን። ጅማቱን አድርቀን፣ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ክር ክር አድርገን ለየነው። ረጥቦ ሲጠመጠም ልስልስ ነው፤ ሲደርቅ ግን እየተኮማተረ እንጨቱን ያለ ቋጠሮ አንቆ ይይዛል።

በላባው ላይ ግን እጅግ ተሞኘን። ከሐይቁ ዳር የወደቀ ላባ ለቅመን፣ ሦስት ሦስቱን በግራር ሙጫና በቀጭን ጅማት በዘንጉ ጅራት ዙሪያ አሠርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍላጻዎች አየር ላይ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ። ብዙ ቀን ካሰብን በኋላ ነው የቀኝ ክንፍና የግራ ክንፍ ላባ ቀላቅለን እንደ ነበር የገባን። የቀኝ ክንፍ ላባ ወደ አንድ ወገን፣ የግራውም ወደ ሌላው ይታጠፋል፤ ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ ሲሆኑ ነፋሱ ፍላጻውን በአንድ አቅጣጫ ያሽከረክረዋል፣ ሽክርክሩም ቀጥ አድርጎ ያስኬደዋል። ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ጫፉ ደግሞ ከጅራቱ መክበድ ስላለበት ለሁለቱ ከወይራ እንጨት ድቡልቡል ራስ፣ ለሦስተኛው ሹል ራስ ሠራን። ቀስቱንም ከወይራ ቅርንጫፍ ሠራነው፤ በእርሱ ብዙ የምንኮራበት ነገር ስለሌለ እናልፈዋለን።

ከአሥራ ሰባቱ ለሰው የሚሰጡ ሆነው የወጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። በገና ዋዜማ ሰጠነው። አንድ በአንድ አነሣቸው፤ እኛ እንደምናደርገው አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ተመለከታቸው። ስለ ኳሱ አሁንም ምንም አላለም። እናታችን ሹሉን ፍላጻ ከእጁ ተቀብላ በነጠላ ጠቅልላ ከሣጥኗ ውስጥ አኖረች። «አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላህ» አለችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገለባ የሞላ ጆንያ ተሸክመን ሁላችንም ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን፤ እናታችንም መጣች። ወንድማችን ፍላጻውን አስገብቶ ክሩን በሳበ ጊዜ አንድ ትልቅ ይብራ ከደንገሉ መካከል እየተንጎራደደ ወጥቶ በጆንያው አጠገብ ቆመ። ልጁ ቀስቱን እንደ ገተረ ቀረ። ማናችንም አልተነፈስንም። ቀስ ብሎ ክሩን አላላና «እማ፣ ይሄ ትንፋሽ አለው» አላት። «አለው» አለችው።

ይብራው ከሄደ በኋላ የወረወረው ፍላጻ ከጆንያው በላይ አልፎ ከደንገሉ ወዲያ ውኃ ውስጥ ገባ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የእኛም እንዲሁ። እርሱ እጁን በዐይኑ ላይ አድርጎ ውኃ ውኃውን ሲያይ፣ ሽማግሌው በታንኳቸው ከደንገሉ ጀርባ ብቅ አሉ፤ ፍላጻው ተንሳፎ አግኝተውት በእጃቸው ይዘውታል። ለባለቤቱ ከመስጠታቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ከራሱ እስከ ጅራቱ ዳሰሱት። «እንጨቱ ደኅና ደርቆአል። ጅማቱ ግን እዚህ ላይ ሁለት ዙር ይጎድለዋል» አሉ። እናታችን «አባባ፣ እንኳን አደረሰዎ፤ ቤት ገብተው ቡና ይቅመሱ» አለቻቸው። መጡም።

ከሳምንት በኋላ ወንድማችንን ከጓሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከተረፉት የክትክታ ቀንበጦች አንዱን በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቅ አገኘነው። አውራ ጣቱን ቆርጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል። «አምጣ እናግዝህ» ብንለው ጀርባውን ሰጠን፤ ለማን እንደሚሠራውም አልነገረንም።