የአንባቢው ምሥጢርና የብራውዘር ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በተለምዶ ብራውዘር ስለምንለው የድረ ገጽ ማሰሻ ጥቂት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ጠበብት እንጂ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጉዳይ አይመስልምና ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ ብዬ በተመለከትሁት መጠን ከአንድ የቆየ የሙያችን ግዴታ ጋር የተሳሰረ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም የአንባቢን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ነው።

ወደ ዋናው ሐሳብ ከመግባቴ በፊት ለዚህ ያበቃኝን አንድ ገጠመኝ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረው ቤተ መጻሕፍት በንባብ አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ የተዘጋጁ ስድስት ኮምፒዩተሮች ነበሩ። አንዲት ወጣት አንባቢ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ አንዱን ተጠቀመችና ሄደች። ከእርሷ ቀጥሎ የተቀመጠው ተማሪ በመፈለጊያው ሳጥን ላይ አንድ ፊደል ቢጽፍ፣ እርሷ ስትጠይቅ የዋለችው ሁሉ በዝርዝር ወጣለት። ጥያቄዎቹ ስለ አንድ ሕመም ነበሩ። ተማሪው ለጓደኛው አሳየው፤ ሁለቱም ደግሞ ልጅቱን ያውቋት ኖሯል። በሳምንቱ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ያነበብሁትን ሰው እንዴት አወቀብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ ውስጥ አይቻት አላውቅም።

ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ለመጣል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያን ብራውዘር በኮምፒዩተሮቹ ላይ ያስጫንሁት እኔ ነኝ። የመረጥሁበትም ምክንያት ፈጣን መሆኑና ሰው ሁሉ የለመደው መሆኑ ብቻ ነበር። ያቺ ልጅ በኮምፒዩተር በመፈለግ ፈንታ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ተውሳ ቢሆን ኖሮ፣ የውሰት ካርዷን አሳየኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አላሳይም ባልሁ ነበር። በካርዱ ላይ የጠበቅሁላትን ምሥጢር በኮምፒዩተሩ ላይ አሳልፌ ሰጠሁባት።

ይህ የሙያ ግዴታ በልማድ ብቻ የቆየ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ የአንባቢን የግል ምሥጢር መጠበቅን ከባለሙያው ኃላፊነቶች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። በሥራ ላይም የተፈተነ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮችን ስለተጠቀሙ ሰዎች መረጃ በጠየቀ ጊዜ፣ አራት የሙያ ጓደኞቻችን መረጃውን አንሰጥም ብለው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደዋል። ስለ ጥያቄው ለማንም እንዳይናገሩ ተከልክለው ነበር፤ በ2006 ግን ክልከላው ተነሥቶ፣ ቢሮውም ጥያቄውን ትቶታል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግን ግንኙነት ጭምር አለመደፈር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲህ በንባብ አዳራሻችን ውስጥ የምናስቀምጠው መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ለመሆኑ ብራውዘር ስለ አንባቢው ምን ያውቃል? በአጭሩ ለመመለስ፣ አንባቢው በእርሱ በኩል የሚያደርገውን ሁሉ ያውቃል ለማለት ይቻላል። የተጎበኙትን ገጾች ይመዘግባል፤ የይለፍ ቃል እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል፤ የተጻፈውን ቃል ያስታውሳል። ከዚህም በላይ ኩኪ የሚባለው ትንሽ ምልክት አለ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ሲፈለሰፍ ዓላማው ቀላል ነበር፤ አንድ ድረ ገጽ ዛሬ የመጣው ጎብኚ ቀድሞ የመጣው መሆኑን እንዲያውቅ ለማድረግ ነው። ውሎ አድሮ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ድርጅቶች በዚሁ ዘዴ ተጠቅመው አንድን ሰው ከገጽ ወደ ገጽ የሚከታተሉ ሆኑ። አንባቢው ጋዜጣ ያነበበ ይመስለዋል፤ ከጋዜጣው ጀርባ ግን ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸው ድርጅቶች ንባቡን ይመዘግቡበታል።

እዚህ ላይ ብራውዘሩን የሠራው ድርጅት ከምን እንደሚተዳደር መጠየቅ ተገቢ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አውጥቶ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ በማደሉ ቀዳሚውን ኔትስኬፕን ከገበያ አስወጣ፤ በዚህም ሳቢያ በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ከሰሰው። ከኔትስኬፕ ፍርስራሽ የተነሣው የሞዚላ ማኅበር በ2004 ፋየርፎክስን አወጣ። በ2008 ደግሞ ጉግል ክሮምን ይዞ መጣ፤ ገበያውም በአመዛኙ ወደ እርሱ ዞረ። ዛሬ በገበያው ላይ ብዙ ስሞች ቢታዩም በውስጣቸው ያለው ሞተር ጥቂት ነው። ኦፔራ ከ2013፣ የማይክሮሶፍት ኤጅ ከ2020 ጀምሮ በጉግል ክሮሚየም ላይ የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ውጭ በስፋት የሚሠራባቸው የአፕል ሳፋሪና የሞዚላ ፋየርፎክስ ናቸው።

ጉግል ዋና ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ስለዚህም በአንድ በኩል ክትትልን የሚከለክል መሣሪያ እንዲሠራ ይጠበቅበታል፤ በሌላ በኩል ገቢው በዚያው ክትትል ላይ ይመሠረታል። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን በሙሉ ሲከለክል፣ ፋየርፎክስም ከ2019 ጀምሮ የታወቁ ተከታታዮችን ማገድ ሲይዝ፣ ጉግል በጥር 2020 በሁለት ዓመት ውስጥ ኩኪዎቹን አስወግዳለሁ ብሎ ነበር። ቀኑን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በሐምሌ 2024 ዕቅዱን ተወው። ኢንኮግኒቶ የተባለውን የግል አሰሳ የሚጠቀሙ ሰዎችም ተከታትለኸናል ብለው በ2020 ከስሰውት፣ ኩባንያው በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቶ ክሱ በስምምነት ተዘግቷል። የኢንኮግኒቶ ስም ብቻውን ዋስትና እንዳይመስለን ይህ በቂ ትምህርት ነው።

ከጉግል የሸሸ ሰው ግን ከጉግል ገንዘብ አይሸሽም። በፍርድ ቤት በቀረበ ማስረጃ መሠረት፣ ጉግል በሳፋሪ ላይ ቀዳሚው የፍለጋ አገልግሎት ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላም አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከጉግል ጋር ባለው ተመሳሳይ ውል ነው። በነሐሴ 2024 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ጉግል በፍለጋ ገበያ ላይ ሞኖፖሉን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቆ ይዟል ሲሉ ፈረዱ። በመስከረም 2025 በሰጡት ውሳኔ ደግሞ ክሮምን እንዲሸጥ አላስገደዱትም፤ ክፍያውንም አልከለከሉም፤ ሌላውን የሚያገሉ ውሎችን ግን አግደዋል።

የእኛም አንባቢዎች በስልካቸው ላይ ኦፔራ ሚኒን ይጠቀማሉ። ይህ ብራውዘር ገጹን አሳንሶ በመላክ ለኢንተርኔት የሚከፈለውን ገንዘብ ስለሚቆጥብ፣ ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ገጹን ለማሳነስ በመጀመሪያ በኩባንያው ኮምፒዩተሮች በኩል ማሳለፍ ግድ ይላል። አንባቢው ገንዘቡን ሲቆጥብ በምን ፈንታ እንደሆነ ልንነግረው ይገባል፤ መምረጥ ግን የእርሱ ፈንታ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ይለኝ ይሆናል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ እያልሁ ከመምረጥ ድኛለሁ። ዳሩ ግን አለመምረጥም ምርጫ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አብሮ የመጣውን መቀበል ማለት ነውና። ፍጹም ንጹሕ መሣሪያ አለመገኘቱ የሚሻለውን ከመፈለግ አያድነንም። ስለዚህ ስም ከመጥራት ይልቅ አራት ጥያቄዎችን ማንሣት የሚበጅ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሠሪው የሚተዳደረው ከምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አንባቢው ምንም ሳይነካ ብራውዘሩ በራሱ የሚከለክለው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው የተሰጠውን እንደተሰጠው ስለሚጠቀም፣ በምርጫዎች ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ጥበቃ እንደሌለ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ሲዘጋ ሁሉን አጥፍቶ መዝጋት ይችላል? አራተኛ፣ ይህን አሠራር ተቋሙ አንድ ጊዜ ወስኖ፣ ማንም እንዳይለውጠው አድርጎ ማጽናት ይችላል?

ከዚያች ልጅ በኋላ በእነዚህ ጥያቄዎች መዝነን በስድስቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ፋየርፎክስን አስገባን። በተዘጋ ቁጥር ታሪኩን፣ ኩኪውንና የተጻፈውን ሁሉ እንዲያጠፋ፣ የይለፍ ቃልም ፈጽሞ እንዳያስቀምጥ አደረግን። ክሮምም ሆነ ኤጅ ተቋሙ ካዘዛቸው ይህን ማድረግ እንደሚችሉ ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ማጥፋቱ ከስሙ ይበልጣል። ፋየርፎክስን ያስመረጠን ሠሪው ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ሥር መሆኑና ሞተሩ የራሱ መሆኑ ነው። ሞዚላም ቢሆን በየካቲት 2025 የአጠቃቀም ውል ሲያወጣ መረጃ አልሸጥም የሚለውን የቆየ ቃሉን በማንሣቱ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ቃላቱን እንደገና አርሟል። ስለዚህ የመረጡትን በየዓመቱ መመርመር ያሻል።

አሠራሩ ያለ ችግር አልሄደም። አንዳንድ ድረ ገጾች በፋየርፎክስ በደንብ ስላልሠሩ ሁለተኛ ብራውዘር በተጠባባቂነት ማስቀመጥ ግድ ሆነ። የይለፍ ቃላቸውን የረሱ አንባቢዎችም ተማረሩብን። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነበር። ብራውዘሩን አጽድተን ስናበቃ፣ በበሩ አጠገብ ያለው የራሳችን መዝገብ የአንባቢውን ስም፣ የገባበትን ሰዓትና የተቀመጠበትን የኮምፒዩተር ቁጥር ለዓመታት ሲይዝ መኖሩን አስተዋልን። ሩቅ ያለውን ኩባንያ ስንወቅስ በእጃችን ያለውን ደብተር ረስተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በየቀኑ ማታ ይቀደዳል።

ብራውዘር ሁሉን እንደማይሸፍን ለአንባቢው መንገርም ተገቢ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው የትኛው ድረ ገጽ እንደተጎበኘ ሊያውቅ ይችላል፤ አንባቢው በስሙ የገባበት ገጽም ማንነቱን ያውቃል። በየጠረጴዛው ላይ ባስቀመጥነው አጭር ጽሑፍ ይህን ገልጠናል፤ የማንጠብቀውን እንጠብቃለን ብሎ ማሳመን ከዝምታ የከፋ በደል ነውና።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ በቋንቋችን ማሰስ ማለት መፈለግም ነው፤ ምጣድ መጥረግም ነው። ባለሞያዋ እመቤት ምጣዱን ሳታስስ ሌላ እንጀራ አትጋግርበትም። እኛ እስካሁን በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ስናስስ ኖረናል፤ አንዱ አንባቢ ከተነሣ በኋላ ለቀጣዩ ጠርጎ ማቆየቱንም ሥራችን ልናደርገው ይገባል። ስለዚህም ማኅበራችን ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ኮምፒዩተሮችን የሚመለከት አንድ የጋራ መመሪያ እንዲያዘጋጅ፣ እያንዳንዳችንም ወደየሥራ ቦታችን ስንመለስ አንዱን ኮምፒዩተር ከፍተን በመፈለጊያው ሳጥን ላይ አንድ ፊደል ብቻ እንድንጽፍ አሳስባለሁ። የሚወጣው ዝርዝር የማን እንደሆነ እንመልከት። ያቺ ልጅ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚጀመረው ከዚያ ነው።